ሲባጎ አልባዋ ትራስ ሰፊ

ይህ ነገር የሆነው በካርታ ላይ በማይገኝ አገር ነው። የኔ አገር ነው የሚል ካለ ተሳስቷል፤ የኔ አገር አይደለም የሚል ካለም ትንሽ ቸኩሏል። ቁጭ ብሎ መስማት ይሻለዋል።

በዚያ አገር ሥራ ያለው ሰው ሁሉ ሲባጎ ነበረው። የሲባጎው አንድ ጫፍ በሠራተኛው ግራ አንጓ ላይ ይታሰራል፤ ሌላው ጫፍ በአለቃው ቀበቶ ላይ ይቋጠራል። ሲባጎው ረጅም ስለሆነ ሰው ቤቱም ገበያም ይዞት ይሄዳል። አለቃው አንድ ጊዜ ከሳበ «ና» ማለቱ ነው። ሁለት ጊዜ ከሳበ «ተመለስ» ማለቱ ነው። ሦስት ጊዜ ከሳበ አለቃው ቀልድ ተናግሯልና ሠራተኛው የትም ይሁን የት መሳቅ አለበት። ቀልዱን መስማት ግዴታ አልነበረም። ስለዚህ ብቻውን ሲሄድ ድንገት የሚንከተከት ሰው ያየ እንግዳ «ጤና የለውም እንዴ?» ብሎ ሲጠይቅ «የለም፣ ሥራ ላይ ነው» ይሉታል።

የአለቆቹም ኑሮ የተመቸ አልነበረም። ሁለት መቶ ሰው ቀበቶው ላይ ያሰረ አለቃ ወገቡን ባከከ ቁጥር ሁለት መቶ ሰው እያለከለከ ደጁ ላይ ይቆማል። በየመስቀለኛ መንገዱ ደግሞ ሲባጎዎቹ ይጠላለፋሉ። ለዚህ ሲባል መንግሥት «ሲባጎ ፈቺ» የሚባሉ ሹማምንት ሾሞ ነበር። እነሱም መነጽራቸውን ሰክተው በርጩማ ላይ ይቀመጡና «አንተ ከስር እለፍ፣ አንቺ ከላይ ዝለይ፣ እርስዎ ባሉበት ሁለቴ ይዙሩ» ሲሉ ይውላሉ።

ከአለቆች ሁሉ ትልቁ አለቃ አምባዬ ነበሩ። የአገሩ ትራስ በሙሉ የሚሰፋው በእሳቸው ቤት ነው። ትራሱ አራት ማዕዘን ነው፣ ደረቅ ነው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። የላይ ጠርዝ የሚሰፉ ሰዎች የላይ ጠርዝ ብቻ ይሰፋሉ፤ የታች ጠርዝ ሰፊዎች የታቹን፤ የቀኝ ጠርዝ ሰፊዎች የቀኙን። ይርገዱ የምትባል ሴት ግን የግራ ጠርዝ ሰፊ ነበረች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የግራ ጠርዝ ሰፋች። ከዚህ የተነሳ ቤቷ ባለው ትራስ ላይ እንኳ ጭንቅላቷን የምታሳርፈው በግራ በኩል ነው፤ በሌሎቹ ጠርዞች ላይ እምነት አልነበራትም።

በዚያ አገር ከክብር ሁሉ የሚበልጠው ክብር «ሲባጎ አልባ» መባል ነበር። ሲባጎ አልባ ማለት ከአለቃው ተፈትቶ የራሱን ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። የሲባጎ አልባዎች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ የሆኑት አጋፋሪ ዘርጋው በየዓመቱ በሚከበረው በዓል አደባባይ ላይ ቆመው ስለ ሲባጎ አልባነት ንግግር ያደርጋሉ።

«ሲባጎ አልባ ሰው ማንንም አይፈልግም» ይላሉ አጋፋሪው። «ማንንም አይጠብቅም። ማንንም አያስፈቅድም። ጧት ሲነሳ ራሱ ለራሱ ደህና አደርክ ይላል፣ ራሱም ይመልሳል።»

ሕዝቡ ያጨበጭባል። መሀል ላይ የአንዱ አለቃ ቀልድ ይናገርና ግማሹ ሕዝብ ይስቃል። አጋፋሪው ለእሳቸው የተሳቀ ይመስላቸውና ይከፋቸዋል።

ለምሳሌ የሚጠቅሱት ሁልጊዜ ጋሽ ወንድይፍራውን ነበር። ጋሽ ወንድይፍራው ማበጠሪያ ሠሪ ናቸው። ሲባጎ አልባ ከሆኑ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። እንጨት ከሰው ላለመግዛት ዛፍ ተክለው እስኪያድግ እየጠበቁ ነበር። መጋዝ ከሰው ላለመዋስ ደግሞ ከጓሯቸው ብረት ይገኝ እንደሆነ ይቆፍራሉ። እስካሁን የሠሩት ማበጠሪያ የለም፤ የእሳቸውም ፀጉር ቢሆን አበጥሮት የሚያውቅ የለም። ነገር ግን በአገሩ ሁሉ እንደ እሳቸው የተከበረ ነጋዴ አልነበረም።

ይርገዱም ይህን ንግግር አሥራ አንድ ጊዜ ሰማች። በአሥራ ሁለተኛው ዓመት ማመልከቻ አስገባች።

የመቆረጡ ሥነ ሥርዓት እንዲህ ነው። አመልካቹ ሲባጎውን ያለማንም እርዳታ ራሱ መቁረጥ አለበት። ለዚሁ የተዘጋጀው የነሐስ መቀስ ግን ከባድ ስለሆነ ሦስት ወንዶች ያነሱታል፣ አራተኛው ይከፍተዋል፣ አምስተኛው ይዘጋዋል። ይርገዱ ትንሿን ጣቷን መቀሱ ላይ እንድታሳርፍ ተደረገ። ጸሐፊው «ብቻዋን ቆረጠች» ብሎ ጻፈ። አለቃ አምባዬ አንድ ጊዜ ተነፈሱ፤ ቀበቷቸው በአንድ ሲባጎ ቀሎላቸው ነበር።

በማግስቱ ሱቋን ስትከፍት መጀመሪያ የመጡት አጋፋሪ ዘርጋው ናቸው። በእጃቸው ቢጫ ሲባጎ ይዘዋል።

«እንኳን ደስ አለሽ» አሏት። «ይህን እሰሪ።»

«ሲባጎ አይደለም እንዴ ጌታዬ?»

«ማረጋገጫ ነው።»

«የምን ማረጋገጫ?»

«ሲባጎ የሌለሽ መሆኑን የሚያረጋግጥ።»

«ሲሳብስ?»

«ትመጫለሽ። መጥተሽ ማንም እንደማይጠራሽ ትፈርሚያለሽ።»

ይርገዱ ነገሩን ለመረዳት ብትሞክርም ጊዜ አልሰጧትም፤ አስረውላት ሄዱ።

ከዚያ ሥራ ጀመረች። መርፌዋን አንስታ አቡጀዴውን ዘረጋችና በምታውቀው ጀመረች፤ የግራውን ጠርዝ ሰፋች። ቀጥሎ የላዩን ልትሰፋ ስትል እጇ እምቢ አለ። አሥራ አንድ ዓመት ወደ ላይ ዞሮ አያውቅማ። እንደገና የግራውን ሰፋች። ትንሽ አጠፍ አድርጋ እንደገና የግራውን ሰፋች። ሳታስበው ስፌቱ ዞሮ ከተነሳበት ቦታ ደረሰ። ጥጥ ስትሞላው ትራሱ ክብ ሆነ። በዚያ አገር ክብ ትራስ ታይቶ አይታወቅም። ይርገዱ ደነገጠችና አቡጀዴ ደረበችበት።

በዚያ ሰዓት ባሻ ቦጋለ በደጇ ያልፉ ነበር። ባሻ አርባ ዓመት ሲባጎ ሲፈቱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። የተሸፈነ ነገር ካዩ ሳይገልጡ ማለፍ አይችሉም።

«ይኼ ምንድን ነው ልጄ?»

«ትራስ ነው ባሻ።»

«ማዕዘኑስ?»

«የለውም።»

«ታዲያ በተናደድኩ ጊዜ የምነክሰው የቱን ጥግ ነው?»

«ዙሪያውን ይንከሱታ።»

ባሻ አሰቡበት። ጭንቅላታቸውን አንዴ አሳረፉበት፣ አዞሩት፣ እንደገና አሳረፉበት። የትም ቢዞር ያው ነው። አርባ ዓመት ሙሉ እንቅልፋቸው የሚሄደው የትራሱን ደህና ጎን ሲፈልጉ ነበር።

«ይኼስ ጎን የሚያስመርጥ አይደለም» አሉ። «እወስደዋለሁ። ግን ቢሰረጉድብኝ በምን እጠራሻለሁ?»

«ይምጡና ይንገሩኝ።»

«በዚህ ጉልበቴ? ሲባጎ እሰሪልኝ እንጂ።»

«ሲባጎ አልባ ነኝ እኮ ባሻ።»

«አውቃለሁ፣ እሱን ማን ከለከለሽ። ይቺን ቀጭኗን ብቻ።»

አሰረችላቸው። ባሻም ጫፉን ቀበቷቸው ላይ ቋጠሩት። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ሲባጎ ሲፈቱ ኖረው ቀበቷቸው ላይ አንድም ቋጥረው አያውቁም ነበርና ደረታቸውን ነፍተው ሄዱ።

ቀጥሎ ጥጥ ነጋዴዋ እትዬ ብዙዬ መጡ። እትዬ ብዙዬ ወፍራም፣ ቁጡ፣ ሚዛናቸው ግን የማይዋሽ ሴት ናቸው። «ጥጤ ሲገባ እስብሻለሁ፣ ትመጪና ትሸከሚያለሽ። ካልመጣሽ ለፍራሽ ሠሪዎቹ እሰጠዋለሁ» አሉ። ይርገዱ አሰረች። አቡጀዴ ሻጩም አሳሰረ። ወሬው ሲሰማ ክብ ትራስ ፈላጊው በዛ፤ ገዢ ሁሉ ደግሞ ትራስ ሲወስድ ሲባጎ ትቶ ይሄዳል። አንዷ ሙሽራ ባሏ ቢያንኮራፋ ለመጥሪያ አሰረች። አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ምንም ምክንያት ሳይኖረው አሰረ፤ ሰው ስቦ ስለማያውቅ ሲስብ ምን እንደሚመስል ለማየት ብቻ ነበር።

ስድስት ወር ሳይሞላ የጽሕፈት ቤቱን ሳይጨምር አርባ ሦስት ሲባጎ ግራ አንጓዋ ላይ ነበር። በአለቃ አምባዬ ቤት የሚስባት አንድ ሰው ነበር፤ አሁን ግን አንዱ ወደ ሰሜን ሲስባት ሌላው ወደ ደቡብ ይስባታል። ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ የሳባት ቀን ሱቋ ደጃፍ ላይ እንደ እንዝርት ዞራለች። አላፊ አግዳሚው ግን «ነፃ ሰው እንዲህ ነው፣ ሲያሻት ትደንሳለች» ብሎ አደነቃት።

በዚያ የሲባጎ አልባዎች ሰፈር ነጋዴው ሁሉ ረጅም እጅጌ ያለው ልብስ እንደሚለብስ ያስተዋለችውም ያኔ ነው። ደንቡ «ባዶ አንጓ ለሕዝብ ይታይ» ይላል እንጂ የትኛው እጅ እንደሆነ አይልም። ስለዚህ ሁሉም ቀኝ እጁን እያሳየ በግራው ይሠራል። እርስ በርስ ሲገናኙም «እንዴት ነው ነፃነቱ?» ይባባላሉ፤ «ምንም አይል» ይመላለሳሉ፤ ከዚያ አንዳቸው ይሳቡና እየሮጡ ይሄዳሉ።

እንዲህ እያለች ሳለ አዋጅ ወጣ። የጽሕፈት ቤቱ ለፋፊ በየሱቁ ደጅ እየቆመ እንዲህ አለ፦ «በመጪው ወር መጀመሪያ ላይ ግራ እጅ ይመረመራል። ሲሳብ የመጣ የታሰረ ነው። ታስሮ የተገኘ ሱቁ ይዘጋል፣ በሁለቱም እጁ ሲባጎ ታስሮ ለቀድሞ አለቃው ይመለሳል።»

ይርገዱ ይህን ስትሰማ መርፌው ጣቷን ወጋት። ሁለት ሲባጎ ታስሮ መመለሱ ብቻ አይደለም ያስደነገጣት። አለቃ አምባዬ ክብ ትራስ አይወዱም። በአንድ ወቅት ሱቋ ደጅ ቆመው «ይኼ በአራት ቢቆረጥ ትራስ ይወጣዋል» ሲሉ ሰምታቸዋለች። ሱቁ ከተዘጋ መደርደሪያው ላይ ያለው ትራስ ሁሉ በመቀስ ሊቆረጥ፣ እሷም ወደ ግራ ጠርዝ ልትመለስ ነው።

ምክር ፈልጋ ጋሽ ወንድይፍራው ዘንድ ሄደች። ጋሽ ወንድይፍራው ጉድጓድ ውስጥ ነበሩ።

«ጋሼ፣ እንዴት ነው ያለማንም መኖር የሚቻለው?»

«ቆርጦ ነው» አሉ ከጉድጓዱ። «ሁሉንም ትቆርጫለሽ። ሰው ሲበዛ ሥራ ይበዛል።»

«ጥጡንስ ከየት አመጣለሁ?»

«ዝሪያ።»

በዚህ መካከል በአጥሩ ላይ የሴት እጅ ብቅ አለና በሳህን የተሸፈነ ወጥና ሁለት ዳቦ አጥሩ ጫፍ ላይ አስቀምጦ ጠፋ። ጋሽ ወንድይፍራው ከጉድጓዱ ወጥተው መብላት ጀመሩ።

«ይኼን ማን አመጣው ጋሼ?»

«እኔ ጠይቄ አላውቅም» አሉ ጋሽ ወንድይፍራው። «ዘጠኝ ዓመት በራሱ ነው የሚመጣው። ራሱን የቻለ ምግብ ነው።»

ከአጥሩ ወዲያ «ትናንት ሳህኑን አልመለስክም» የሚል ድምፅ ተሰማ። የእህታቸው ድምፅ ነበር። ጋሽ ወንድይፍራው ነፋስ ነው ብለው መብላታቸውን ቀጠሉ።

ይርገዱ ግን የተማረች ሴት አልነበረችም፤ የተከበረ ሰው የነገራትን ታደርጋለች። ቤቷ ሄዳ የስፌት መቀሷን አነሳችና አርባ ሦስቱንም ቆረጠች። የጽሕፈት ቤቱ ማረጋገጫ ሕግ ነውና እሱን አልነካችም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልንገራችሁ። ምንም አልሆነም። ሱቁ ጸጥ አለ። ጥጡ አለቀ፣ ቀጥሎ ክሩ አለቀ። የሚስባት የለም፣ የምትሄድበት የለም። ጧት ስትነሳ ራሷን «ደህና አደርሽ?» ብላ ጠየቀች፤ ምን እንደምትመልስ ግን ጠፋት። በሳምንት አንድ ቀን ቢጫው ሲባጎ ይሳባል፤ ጽሕፈት ቤት ትሄድና ማንም እንደማይጠራት ትፈርማለች። ጸሐፊው «በርቺ» ይላታል። ትመለሳለች። ሥራዋ ይኸው ብቻ ሆነ።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ባሻ ቦጋለ በከዘራ እየተደገፉ መጡ። በእጃቸው የተጠቀለለ ሲባጎ ይዘዋል።

«አለሽ?» አሉ ደጃፉ ላይ ቆመው።

«አለሁ ባሻ።»

«ትራሴ ተሰረጎደ። ሳብኩሽ። ሲባጎው ዝም ብሎ ወደኔ ይመጣል። እየጠቀለልኩ፣ እየጠቀለልኩ፣ መጨረሻ ላይ ጫፉ ቁርጥ ሆኖ ደረሰ። ሞተሻል ብዬ ስንት መንገድ እያለቀስኩ ነው የመጣሁት። አሁን ደህና ሆነሽ ሳገኝሽ ደግሞ ያ ሁሉ እንባዬ አናደደኝ።»

ይርገዱ አፈረች። ምርመራውን ነገረቻቸው፤ አለቃ አምባዬ ትራሶቹን በአራት ሊቆርጡ እንደሆነም ነገረቻቸው።

«ቆረጥሽና ተረፍሽ?»

«አንጓዬ ተረፈ። ሱቁ ግን ሞተ።» ባዶውን የጥጥ ጆንያ አሳየቻቸው። «ደግሞ ባሻ፣ ጥጥ ሲያልቅብኝ እኔም ሰው መጥራት አማረኝ። የምስበው ግን አልነበረኝም። ሁላችሁም እኔን ትስባላችሁ እንጂ እኔ ማንንም አልስብም።»

ባሻ ቦጋለ መነጽራቸውን አወጡ። በአርባ ዓመት ሥራቸው ሁሉ መነጽራቸውን የሚያወጡት ከባድ ቋጠሮ ሲያጋጥማቸው ነበር።

«ሕጉ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ቀበቶ ላይ የተቋጠረበት አለቃ ነው፣ አንጓ ላይ የታሰረበት ሠራተኛ ነው ይላል። ሁለቱም ጫፍ አንጓ ላይ ከሆነስ?»

«ምን ይባላል?»

«እኔ እንጃ። አርባ ዓመት ስፈታ እንዲህ ያለ ሲባጎ አልመጣልኝም።» ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። «በይ እሰሪው፣ እንየው።»

አሰረችው። አንድ ጊዜ ሳበች፤ ባሻ አንድ እርምጃ መጡ። ባሻ ሳቡ፤ እሷ አንድ እርምጃ መጣች። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሳቡና ግንባር ለግንባር ተጋጩ።

«ያማል፣ ግን ይሠራል» አሉ ባሻ።

ከዚያ ቤት ለቤት መዞር ሆነ። አስቸጋሪዋ እትዬ ብዙዬ ነበሩ።

«እኔን?» አሉ እትዬ ብዙዬ ሚዛናቸውን አስቀምጠው። «ብዙዬን ሰው ሊስባት? ባሌ እንኳ ሃያ ዓመት ሞክሮ አልተሳካለትም።»

«እትዬ፣ ጥጥ ሲያልቅብኝ በምን ልጥራዎት ታዲያ?»

«እኔ ሲገባ እስብሻለሁ አልኩ አይደል?»

«ሲገባ ሳይሆን ሲያልቅ ነው የቸገረኝ። ባለፈው አንድ ጆንያ ሙሉ እርስዎ ዘንድ ሲሻግት፣ እኔ ቁጭ ብዬ ጣቴን እቆጥር ነበር።»

እትዬ ብዙዬ የሻገተውን ጆንያ አስታወሱ። ያ ጆንያ እስካሁን ያበሳጫቸው ነበር።

«እሺ» አሉ። «ግን በቀስታ ሳቢ። ክንዴ ላይ ቁርጥማት አለብኝ። ደግሞ ለቀልድ ብለሽ ሦስቴ ብትስቢኝ መጥቼ ነው የምመታሽ።»

በአሥር ቀን ውስጥ አርባ ሦስቱም ታሰሩ። የገዢዎቹ ግራ እጅ በአለቆቻቸው ተይዟልና ሁሉም የይርገዱን ሲባጎ በቀኝ አንጓቸው ላይ አሰሩት። ጥጥ ገባ፣ የሱቁ መደርደሪያ እንደገና ሞላ። ይርገዱ ስትሳብ ትሄዳለች፤ ስትቸገር ትስባለች። አንዳንዴም ምንም ሳትፈልግ ባሻን ትስብና «ምነው?» ሲሉ «ደህና መሆንዎን ለማየት ነው» ትላለች። ባሻም ያንኑ ያደርጉባታል።

የምርመራው ቀን ደረሰ። የሲባጎ አልባዎች ሰፈር ነጋዴ ሁሉ በዚያ ፀሐይ እጅጌውን እስከ ጣቱ ጎትቶ አደባባይ ላይ ተሰለፈ። አጋፋሪ ዘርጋው ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ አጠገባቸው ጸሐፊው መዝገብ ዘርግቷል። መጀመሪያ የተጠራችው ይርገዱ ነበረች።

«እጅጌሽን ሰብስቢ።»

ሰበሰበች። ሕዝቡ ተንጫጫ። አርባ ሦስት ሲባጎ እንደ ጉንጉን ከአንጓዋ ተነስቶ በአደባባዩ ዳር ዳር ወደ ከተማው ይሄዳል።

«ይኼን ያህል?» አሉ አጋፋሪው። «እኔ በዕድሜዬ ያየሁት ትልቁ አምስት ነው። ምን ትያለሽ?»

«አልደበቅሁም ጌታዬ።»

«መደበቅ እኮ ነበረብሽ» አሉ አጋፋሪው ቅር ብሏቸው። ተነስተው ጉንጉኑን በሁለት እጃቸው ያዙና እንደ ደንቡ አንድ ጊዜ በኃይል ሳቡት።

ይርገዱ አልተንቀሳቀሰችም፤ ወትሮም ያለችው እዚያው ነው። ከከተማው በኩል ግን የሩጫ ድምፅ ተሰማ። መጀመሪያ እትዬ ብዙዬ ጆንያ ተሸክመው ደረሱ። ቀጥሎ አቡጀዴ ሻጩ። ቀጥሎ ሙሽራይቱ ከነባሏ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ እንደሰካ መጣ። ባሻ ቦጋለ በከዘራቸው አቧራውን እያስነሱ የመጨረሻ ሆነው ደረሱ። አርባ ሦስት ሰው በአንድ አፍ «ምነው ይርገዱ፣ ምን ሆንሽ?» አለ።

ጸሐፊው ብዕሩን አነሳ። «ሲሳብ የመጣ የታሰረ ነው ይላል ሕጉ። የመጡት እነሱ ናቸው። ስለዚህ እሷ አለቃቸው ናት ብዬ ልጻፍ?»

«ማን? እሷ?» አሉ እትዬ ብዙዬ። «አርፋ ትራሷን ትስፋ። እይ።» ብለው ሳቡ። ይርገዱ አንድ እርምጃ ሄደች።

ጸሐፊው የጻፈውን ሰረዘ። «እሺ፣ ሠራተኛቸው ናት።»

ይርገዱ ሳበች። እትዬ ብዙዬ እያጉረመረሙ አንድ እርምጃ መጡ። ጸሐፊው እንደገና ሰረዘ። ወረቀቱ ተቀደደ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። አርባ ሦስቱ ሰዎች ሲሮጡ ግራ እጃቸው ላይ ያለው ሲባጎ አብሮ ሄዷላ። በዚያ ሲባጎ ጫፍ ላይ ደግሞ አለቆች አሉ። አንድ በአንድ በየመንገዱ ብቅ ማለት ጀመሩ፤ በቀበቷቸው እየተጎተቱ፣ ሱሪያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው። ሠላሳ ዓመት ሰው ሲስቡ ኖረው ተስበው አያውቁም ነበርና የት እንደሚረግጡ እንኳ ጠፋቸው። ከሁሉ ኋላ አለቃ አምባዬ መጡ። ከይርገዱ ገዢዎች ዘጠኙ የእሳቸው ሠራተኞች ስለሆኑ እሳቸው የመጡት እየሮጡ ነበር ለማለት አይቻልም፤ ግማሹን መንገድ መሬት አልነኩም።

አጋፋሪው ሲያዩዋቸው ደስ አላቸው። ቢያንስ አንዱን የሕግ ክፍል መፈጸም ይቻላል።

«አለቃ አምባዬ፣ በሰዓቱ መጡ። ይህች ሴት ታስራ ተገኝታለች። ሱቋ ተዘግቶ ወደርስዎ ትመለሳለች። ይረከቧት፤ ይኸው ሁለት አዲስ ሲባጎ።»

ይርገዱ እጇን አልሰበሰበችም። መደርደሪያው ላይ የደረደረቻቸው ክብ ትራሶች አንድ በአንድ ትዝ አሏት።

አለቃ አምባዬ ሱሪያቸውን ወደ ላይ ሳቡ። ይርገዱን አዩ። የአንጓዋን ጉንጉን አዩ። ከጉንጉኑ ጫፍ ያሉትን አርባ ሦስት ሰዎች አዩ። ከእነሱም ኋላ ሱሪያቸውን የያዙትን አለቆች አዩ።

«ይህችን» አሉ ቀስ ብለው፣ «እኔ ቀበቶ ላይ?»

«ሕጉ ነው።»

«አንድ ጊዜ ብስባት ማን ይመጣል?»

ጸሐፊው ጣቱን ቆጠረ። «እሷ ትመጣለች፣ እሷ ስትንቀሳቀስ አርባ ሦስቱ ይመጣሉ፣ እነሱ ሲመጡ አለቆቻቸው ይመጣሉ። እርስዎም የዘጠኙ አለቃ ነዎትና…»

«እኔም እመጣለሁ።»

«እርስዎም ይመጣሉ።»

«ወዴት ነው የምመጣው?»

ጸሐፊው አሰበ። «ወደርስዎ» አለ።

አለቃ አምባዬ ቀበቷቸውን በሁለት እጃቸው አጥብቀው ይዘው «አልረከብም» አሉ። «ይህችን ሴት ከምቀበል አገሩን ሁሉ ብቀበል ይቀለኛል። እዚያው ሱቋ ትሁን። ትራሱንም እንደፈለገች ታዙረው።» ይህን ብለው ዘጠኙን ሠራተኞቻቸውን «እባካችሁ ቀስ ብላችሁ ሂዱ» እያሉ ተከትለዋቸው ሄዱ።

አጋፋሪ ዘርጋው ሕጉን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት አገላበጡት። የታሰረ ሰው ለቀድሞ አለቃው ይመለሳል ይላል፤ አለቃው እምቢ ካለ ምን እንደሚደረግ አይልም፤ እምቢ ይላል ብሎ ያሰበ ሕግ አውጪ አልነበረማ። ሲባጎ አልባ ናት ተብሎም አይጻፍ፣ አርባ ሦስት ሲባጎ ሕዝብ አይቷል። ሱቁ አይዘጋም፤ ርክክብ ያልተፈጸመበት ሱቅ መዝጋት ደግሞ በሌላ አንቀጽ ክልክል ነው። ጸሐፊው በመጨረሻ አዲስ ገጽ ገለጠና «ይርገዱ፣ ትራስ ሰፊ፣ ጉዳይዋ በመታየት ላይ» ብሎ ጻፈ። ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስም ሱቋ ክፍት እንዲሆን ታዘዘ። የሚታየው መቼ እንደሆነ ግን ቀን አልተቆረጠለትም።

ከኋላዋ በተሰለፉት ነጋዴዎች መካከል መንሾካሾክ ሆነ። አንድ ጫማ ሠሪ ቀስ ብሎ ግራ እጅጌውን መሰብሰብ ጀመረ። «የኔም ቢታይ» አለ፣ «ደስ ይለኛል።» ሌላዋ ሰበሰበች። ቀጥሎ ሌላው። ጸሐፊው ወረቀት እንዲያመጡለት ሰው ላከ።

አጋፋሪው ግን ሥነ ሥርዓት ወዳድ ናቸው። መዝገቡ ከመዘጋቱ በፊት ለእያንዳንዱ ተመርማሪ መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ፤ እሱን ሳይጠይቁ አይለቁም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ይርገዱ፣ ራስሽን ችለሻል?»

«ገና ነኝ ጌታዬ።»

«ታዲያ መቼ ትችያለሽ?»

ይርገዱ ወደ አርባ ሦስቱ ሰዎች ዞር ብላ አየች። እትዬ ብዙዬ ጆንያው ላይ ተቀምጠው ክንዳቸውን ያሻሉ፤ ባሻ ቦጋለ በዚያ ግርግር የተጠላለፈውን ሲባጎ በመነጽራቸው እየፈለጉ ይፈታሉ።

«ሰዎቹን ልጠይቅና እነግርዎታለሁ» አለች።